ከመጨረሻው ያነበብሁት ልጅ

የሰብለ አባት፣ አካሌ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንተ ከጤናውም ከሕመሙም ወጥተሃል። ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህን ባለፈው እሑድ ዘጌ ላይ አወጣን፤ ይህን የምጽፍልህም እዚያ የሆነውን እንድታውቅ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ማንጎው ዘንድሮ ብዙ አፈራ፣ ግማሹን የሌሊት ወፍ በላው። የጓዳውን ጣሪያ አስጠገንን። ብስክሌትህን ሰብለ ኮርቻውን ዝቅ አድርጋ ትነዳዋለች፤ ማተሚያ ቤት ለሥራ የምትሄደው በእሱ ነው።

ከእሷ ጋር ግን ብዙም አንነጋገርም ነበር። አስከሬንህን በጀልባ ወደ ዘጌ ስንወስድ ሁላችን ደረት ስንመታ፣ ፊት ስንነጭ፣ እሷ እንባ አልወጣትም። እኅትህ እታለም ውዴ በለቀስተኛው ፊት፣ «ወንድሜ ምን ዓይነት ድንጋይ ነው የወለደ! ያባቷ ሬሳ ፊት እንዲህ ትገተራለች?» አሉ። ልጅህ ወደ እኔ አየች። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልሁ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ሰብለ፣ «እማዬ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ አሰናዳለሁ፤ ዘጌ ግን ሰው ፊት አታስቀምጪኝ» አለችኝ። አንድ ልጅህ የሌለችበት ሙት ዓመት ምኑን ሙት ዓመት ሆነ?

ፊደል የለየሁት በሰብለ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ እንደ ሆነ ታውቃለህ፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ካየሁ አላልፍም። አንድ ቀን አልጋዋ ላይ በሥዕል የተሞላ ጥራዝ አገኘሁ። ማንጋ ይሉታል፣ የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ ነው። እሷና ጓደኞቿ ወደ አማርኛ መልሰው ለራሳቸው ያተሙት ነው። ባለታሪኩ ጥቁር ካባ የለበሰ ልጅ እግር ድግምተኛ ነው፤ ሰው የሚበሉ መናፍስትን ያስራል። ስንጋባ ሰሞን «የእኔ አያት ደብተራ ናቸው፣ ድግምት ያውቃሉ» እያልህ ታስፈራራኝ የነበረው ትዝ አለኝና ቁጭ ብዬ አነበብሁት።

መጀመሪያው ላይ ልጁ የቆሰለ ጓደኛውን ታቅፎ ያለቅሳል። ገጹን እየገለጥሁ ስሄድ ልጁ ዝም እያለ፣ ፊቱም እየጠነከረ መጣ። ንግግሩ አልያያዝ ቢለኝም የእኔ አለማወቅ ነው ብዬ ቀጠልሁ። መጨረሻው ላይ መምህሩ ሞተው መንደሩ ሁሉ ሲያለቅስ፣ እሱ ዓይኑን ሳያርገበግብ ቆሟል። አዘንሁ። ሰብለ ከሥራ ስትመለስ፣ «ድግምቱ ይህን ልጅ አደረቀው» አልኋት።

ጥራዙን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቀች። አንተ ከሞትህ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማሁም። «እማዬ፣ ከመጨረሻው ነው እኮ የጀመርሽው! ጃፓኖች ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያነቡት፤ እኛም ሥዕሉን አልገለበጥነውም። በስንት መከራ ያደገውን ልጅ መልሰሽ አሳነስሽው!» አለች።

አጠገቤ ተቀምጣ ከትክክለኛው ጫፍ ገለጠችልኝ። መምህሩ የሞቱ ዕለት ልጁ ያላለቀሰው ሰው በላው መንፈስ ገና በር ላይ ስለ ነበረ ነው፤ እሱ ካለቀሰ የሚያስረው የለም። ከዚያ ዝምታው ለመደበት፣ ሰውም ፈራው። ብዙ ቆይቶ አንድ ጓደኛው «ዛሬ በሩን እኔ ልጠብቅ፣ አንተ ዕረፍ» ብሎት ሲጠብቅለት ቆሰለ። ልጁ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።

ሰብለ ያወራችው ስለ ልጁ ብቻ ነው። እኔ ግን ጀልባው ታየኝ። ማዕበሉ ሲያንገላታን ሣጥንህን በሁለት እጇ ይዛ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ጀልባውን የተከራየችው፣ ካህናቱን የጠራችው፣ እኔን ውኃ ያጠጣችኝም እሷ። አንተም እናትህ ያረፉ ዕለት አላለቀስህም፤ ድንኳን ስትተክል ዋልህ። አንተን ጠንካራ ነው አሉህ፣ እኔም ኮራሁብህ።

«ሙት ዓመቱ ላይ ከጎኔ ትቀመጫለሽ» አልኋት። «እታለምስ?» አለች። «እሳቸውን ለእኔ ተዪልኝ።»

መጣች። ቅዳሴው አልቆ ዝክሩ ሲቀርብ እታለም፣ «ሰብሊቱ፣ ዛሬስ እንባ ይዘሽ መጣሽ ወይስ እንዳምናው ረሳሽው?» ብለው ጀመሩ። በዕድሜዬ ለእሳቸው መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

«እታለም፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ልጄን ይተዉልኝ» አልሁ። «ወንድምዎን የቀበረችው እሷ ናት። እኛማ ከማልቀስ በቀር ምን ሠራን?»

እታለም ወደ አሳላፊዎቹ ዞር ብለው፣ «እንግዲያው ወጥ ጨምሩላት እንጂ፤ ልጅቷ ከስታለች» አሉ። ሰብለ አላለቀሰችም። ሳህኗን ዘረጋች።

አካሌ፣ እኔ እስካለሁ ስምህ ከዚህ ቤት አይጠፋም። ለካህናቱ በክርስትና ስምህ፣ ለልጅህ በቤት ስምህ እጠራሃለሁ። አንዳንድ ቀን እያለቀስሁ፣ አንዳንድ ቀን ሥራ እየሠራሁ አስብሃለሁ። ሁለቱንም እንደ ልቅሶ ቁጠርልኝ።

ባለቤትህ