የአለሚቱን የውሃ ተራ የወሰድኩት እኔ ነኝ

ጥሩየ፣ የልጄ እናት፣

ካንቺ የደበቅኩት አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ እሱን ልናገር፤ ሌላው ይደርሳል። ያኔ የአበልጃችን የአለሚቱ ሽንኩርት የደረቀው፣ እኔ እንደነገርኩሽ ቦዩ ተደርምሶ አይደለም። ተራዋን ወስጄ በርበሬያችንን አጠጣሁበት።

በሞት ከተለየሽኝ ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ቤቱ ደህና ነው። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ እልኸኛ ናት። አንቺ የተከልሽው ጌሾ አጥሩን አልፏል። ልጃችን ብርቱካን ፍኖተ ሰላም ታሪክ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ቡሬ በመኪና፣ ከዚያ በእግሯ ትመጣለች። ዓይኔ ስለደከመ ዳዊቴን እሷ ታነብልኛለች። ከዳዊቱ ቀጥሎ ደግሞ የራሷን መጽሐፍ።

ክረምት ላይ የያዘችው ስለ ጥንት ሮማውያን የሚያወራ ነበር። እኔ ሮም ሲባል የማውቀው በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ የተጣጣሉትን ጭፍሮች ብቻ ነው። እሷ እንደነገረችኝ ግን፣ ሮማውያን ንጉሣቸውን ካባረሩ በኋላ ሥልጣን ሰውን እንደሚያበላሽ አውቀው ሁለት ሹም በአንድ ላይ ይሾሙ ነበር፤ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ተው እንዲለው። ያውም ለአንድ ዓመት ብቻ። ጠላት ሲመጣባቸው አንዱን ገበሬ ከእርሻው ጠርተው ሁሉን በእጁ ሰጡት፤ ጠላቱን መለሰና ሥልጣኑን አስረክቦ ወደ በሬዎቹ ሄደ። ኋላ የመጡት ግን ከእኔ ሌላ ማን አለ እያሉ ዘመናቸውን አስረዘሙ፤ አገሩም ባንድ ሰው እጅ ወደቀ።

የሮም ሰው ጣጣ ለእኛ ቦይ ምን ይረባል ብዬ ሳቅኩ። ብርቱካን ከመጽሐፉ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አባየ፣ እርስዎ የውሃ አባት የሆኑት ለስንት ዓመት ነበር?» አለችኝ። ለአንድ ዓመት ነበር። ሰባት ሆኖኛል።

እንዴት እንደጀመረኝ ልንገርሽ። የውሃ አባት ለሰው ተራ ያወጣል፣ የራሱን እርሻ መጨረሻ ያጠጣል፤ ደንባችን ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ጠበቅኩት። በሁለተኛው ሰዉ ሲያየኝ ከመቀመጫው ይነሳልኝ ጀመር፤ ጠላውም ለእኔ ይቀደም ጀመር። በሦስተኛው በርበሬያችን ጠወለገ። ለሰፈሩ የምደክም እኔ፣ አንድ ቀን ባስቀድም ምን አለበት አልኩ። አለሚቱ ባል የላትም፣ እርሻዋም ግርጌ ነው። የማትጮኸውን መረጥኩ። የውሃው መዝጊያ ቁልፍ አንድ ነበር፣ እሱም እኔ ኪስ።

አንቺ ድንች በእንቅብ ይዘሽ ልታጽናኛት ሄድሽ። ስትመለሽ፣ ምስኪን፣ እግዜር ያመጣው ነው አለች አልሽኝ። እኔ ምሳዬን በላሁ። በዓመቱ ስትታመሚ ገላሽን ያጠበችሽ ያቺው አለሚቱ ናት። ያኔም ዝም አልኩ።

ዘንድሮ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ስግደቱ ይቆይ። ውሃውን የወሰድከው ከእኔ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ኅዳር ላይ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለውሃው ዕጣ ልናወጣ ተሰበሰብን። በቅጡ ሳንቀመጥ፣ ያው እሱ ይቀጥል ተባለ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ግን ተነሳሁና ሁሉን ተናገርኩ። ጎረቤታችን መኳንንት፣ አፉን ታውቂው የለ፣ «እኛኮ በርበሬህ በጸሎት የሚያምር ይመስለን ነበር» አለኝ። ተሳቀብኝ፤ ይገባኛል። ሳቁ ሲበርድ፣ ሁለት የውሃ አባት ይሾም፣ መዝጊያው ሁለት ጓጉንቸር ይኑረው፣ ዓመት ሲሞላ ሁለቱም ይውረዱ አልኩ። ይሄን ከየት አመጣኸው ቢሉኝ፣ ከሮም አልኳቸው።

«በእግርህ ነው የሄድክ?» አለ መኳንንት።

አለሚቱ አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ሽንኩርቱስ አለፈ። ጥሩየ ያን ድንች ስታመጣልኝ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። የራሴን ኃጢአት ስቆጥር፣ ያንቺም ደግነት አብሮ እንደሚጠረጠር አልታየኝም። አላወቀችም፣ እሷንም የዋሸኋት እኔ ነኝ አልኩ። ከኋላ የተቀመጡትም እንዲሰሙ ደገምኩት። አለሚቱ አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች፣ እንባዋንም ጠረገች።

ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ስምሽን በቅዳሴ አስጠራለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ይህ አይቀርም። አለሚቱም አብራኝ ልትቆም ቃል ገብታለች።

ያን ዕለት ሁለቱ አዲሶቹ ተመረጡ። ቁልፉን አስረክቤ ከሰዉ መሀል ተቀመጥኩ። ዕጣው ሲወጣ ሁለተኛው ተራ ለእኔ ደረሰ። በአለሚቱ ስም አስጻፍኩት።