ሳሎን ውስጥ ያለ ዳገት

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው። እኛ ደህና ነን።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «እትዬስ ጤና የላቸውም» ስትል ሰምቼ ደንግጬ ተመረመርኩ። ሐኪሙ «ከእኔ ይሻላሉ» ብሎ መለሰኝ። ለካስ ያማችኝ ለሕፃናት ሆስፒታሉ ገንዘብ ለማሰባሰብ በብስክሌት ሌላ ከተማ ድረስ ልሄድ ስለተመዘገብኩ ነው። እሑድ መነሻው ላይ ቆማ ልታየኝ ነው አሉ።

አባትሽ እንዳልወድቅ ብሎ የብስክሌቱን የኋላ ጎማ በብረት ማቆሚያ ከሳሎኑ ወለል አንሥቶልኛል። ጠዋት ጠዋት ፔዳሉን ስመታ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ «በርቺ፣ ዳገቱ አለቀ!» እያለ ይጮኻል፤ የሚያልበውም እሱን ነው። የእኔማ ጉልበት ብረት ሆኗል።

አንቺም ሥራ በዛ ብለሽ ምሳ አትዝለይ። ፈጣሪ ክፉሽን አያሰማኝ። ብቻ እሑድ እንዳላፍር ጸልዪልኝ፤ ያለ ማቆሚያው ብስክሌት ነድቼ አላውቅም።

እናትሽ