የወሰን ሰዎችን የደም ውጤት ይመልሱ ላሉኝ ክቡር ዳይሬክተር

ለክቡር ዶክተር ዘረሰናይ
የጥድ ጥላ የአካባቢ ጤና ጥናት ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ለደረሰኝ ማስጠንቀቂያ የተሰጠ መልስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለማዕከሉ ባልደረቦች የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? የዘንድሮው የእንጦጦ ጉምና ብርድ ለሳል እንዳልዳረገዎ፣ ምናልባት ሐኪም ዘንድ ቀርበው ደም ሰጥተው ከሆነም ውጤቱ በዚያው ዕለት በእጅዎ እንደገባ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ዳርቱ ጎበና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ የወሰን ሰፈር ነዋሪ ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን በእጄ ካለፉት ደብዳቤዎች መካከል የእርስዎን ያህል ማኅተሙ የጠራና ቋንቋው የታረመ አላየሁም። ከማዕከልዎ “በሕገ ወጥ መንገድ የወጣውን” የ212 ሰዎች የደም ውጤት ዝርዝር በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንድመልስ አዘውኛል። መልሴን ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁት ላስቀይምዎ አስቤ አይደለም፤ ከዚህ በፊት አራት ጊዜ ደጅዎ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ጋዜጣ ግን ስብሰባ ውስጥም እንደሚነበብ ስለሰማሁ ነው።

አንደኛ፤ ማዕከልዎ የተሳታፊዎችን ሚስጥር በመጠበቅ ተወዳዳሪ እንደሌለው ጽፈዋል። እኔም እመሰክራለሁ። የታናሽ እህቴን የጋዲሴን ሚስጥር ከራሷ ከጋዲሴ እንኳ ጠብቃችሁታል።

ጋዲሴን በቁጥሯ እንጂ በስሟ ስለማያውቋት ላስተዋውቅዎ። አባታችን ያርስበት የነበረው መሬት ወደ ከተማ ሲካለል ለእኛ የተረፈችን አሁን ያለንባት ግቢ ናት። ከአጥራችን ጀርባ በሩ ላይ ጋራዥ ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን አሮጌ የመኪና ባትሪ እየተሰበረ የሚቀልጥበት ግቢ ተከፈተ። ጋዲሴ ባልተማረ እጇ የምትሠራው ሥራ ስታጣ የዚያን ግቢ ሠራተኞች ቱታ ማጠብ ጀመረች። ስምንት ዓመት አጠበች። በመጀመሪያ ቱታውን በአጥሩ ላይ እየመታች አቧራውን ታራግፋለች፤ ከዚያ ሳፋ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ውሃው ወዲያው ይጠቁራል። “ሰው እንዴት እንዲህ ይቆሽሻል?” እያለች ትስቅ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ሆዷን ይጠመዝዛት ጀመር። ጨጓራ ነው ተባለ። ቀጥሎ ታይፎይድ፣ ቀጥሎ ደም ማነስ ተባለ። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወረዱባት፤ ባሏም ልጅ ፍለጋ ሌላ ደጅ ሄደ። እንጦጦ ወጥታ ሁለት ሱባዔ ጠበል ተጠመቀች። እዚያ በከረመችበት ጊዜ ስለተሻላት ሁላችንም ጠበሉ ነው ብለን አመሰገንን። ወርዳ ሳፋዋን ስታነሣ በሽታው ተመለሰ። እኔ፣ ማንበብና መጻፍ የምችለው እህቷ፣ ይህንንና ያንን አላገናኘሁም፤ በዚህ እርስዎን አልወቅስም፣ የራሴ ነው።

በሚያዝያ 2014 የእርስዎ ልጆች ነጭ ጋዋን ለብሰው መጡ። ደም የሚቀዳው ዮፍታሔ የሚባል፣ መርፌ ሲወጋ “ይቅርታ” የሚል ጨዋ ወጣት ነበር። ለጋዲሴ መለያ ቁጥር 117 የተጻፈበት ካርድ ሰጣት።

“ውጤቱ በአንድ ወር ውስጥ ተደውሎ ይነገርዎታል” አላት።

“ባይደወልስ?”

“ይደወላል፤ የፈረሙት ቅጽ ላይም አለ።”

ጋዲሴ ያን ወር ሙሉ ስልኳን ከደረቷ አልለየችም። መብራት ሲጠፋ ጎረቤታችን ጀማለዲን ሱቅ ሄዳ በጄኔሬተሩ ታስሞላ ነበር። ለዚህም ምስጋና ይገባዎታል፤ እህቴ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የአንድም ሰው ስልክ እንዲህ ጠብቃ አታውቅም።

ሁለተኛ፤ ጥናቱ “ለማኅበረሰቡ ጥቅም ሲባል” እንደተካሄደ ጠቅሰዋል። በጥር 2015 ልጆችዎ ለሁለተኛ ጊዜ የመጡት የሕክምና ወጪያችንን ለማጥናት ነበርና፣ ስለ ጥቅሙ የምናገረው አለኝ።

ያን ጊዜ ጋዲሴ ኩላሊቷ ደክሞ የኩላሊት እጥበት ጀምራለች። ዕድሜዋን የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት፣ የገዛ ደሟን ለማሳጠብ ከአባታችን ግቢ የደረሳትን ክፍል ሸጠች። ስንት ብር እንደወጣ በሠንጠረዥዎ ውስጥ ስላለ አልደግመውም። ቀኝ እጇ ከአንጓው ጀምሮ ተንጠልጥሎ ብርጭቆ ማንሣት ተስኖት ነበር። “ሀርኪ ኮ ነ ዲዴ” ትለኝ ነበር በእናታችን ቋንቋ፤ እጄ እምቢ አለኝ ማለቷ ነው።

ዮፍታሔ ታብሌቱን ይዞ ፊቷ ተቀመጠና ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ለሕክምና፣ ለመድኃኒት፣ ለትራንስፖርት ምን ያህል እንዳወጣች ጠየቃት። የምታስታውሰውን ነገረችው። ከዚያ “ለየትኛው ሕመም ነው ያወጡት?” የሚለው ጥያቄ መጣ።

“እሱንማ እናንተ ታውቁታላችሁ ብዬ ነበር” አለችው። “ደሜ እናንተ ጋ አይደል እንዴ?”

“ውጤቱ ገና ነው ብለውናል” አላት አንገቱን ደፍቶ። እውነቱን ነበር፤ እንደዚያ ነበር ያላችሁት።

ክቡር ሆይ፣ ያሳተሙት ጽሑፍ እንደሚለው የላቦራቶሪው ሥራ የተጠናቀቀው በሰኔ 2014 ነው። እህቴ ሳፋዋን የተወችው በጥቅምት 2015፣ እጇ ቱታ መጭመቅ ሲያቅተው ነው። በመካከሉ አንድ ክረምት ሙሉ አጥባለች። ውጤቱ ለሳይንሳዊ መጽሔት እስኪቀርብ መያዝ ስለነበረበት ያን ክረምት ለሳይንስ አበረከተች ማለት ነው። ውለታዋን እንደማይረሱ አምናለሁ።

በሐምሌ 2015 አንድ ማክሰኞ ለእጥበት ልወስዳት ታክሲ ጠርቼ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

“ዛሬ አልሄድም።”

“ተነሺ እንጂ፣ ሰውየው እየጠበቀ ነው።”

“ቀጥሎ የምንሸጠው ያንቺን ክፍል ነው፤ አልሄድም አልኩሽ እኮ፣ ዳርቱ።”

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ታክሲውንም በባዶው መለስኩት። እስከ ማታ ድረስ አኩርፌ አላነጋገርኳትም። ሐሙስ ጠዋት አረፈች። ያን አንድ ቀን ኩርፊያዬን የት መዝገብ ላይ እንደማሰፍረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ የእርስዎ ቅጽ ላይም ቦታ የለውም።

ሦስተኛ፤ ዝርዝሩን “ለምን ዓላማ” እንደፈለግሁት ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

በጥቅምት 2016 የጀማለዲን ልጅ ሰልማ፣ ፋርማሲ የምትማረው፣ ስልኳን ይዛ መጣች። “እትዬ ዳርቱ፣ ስለ እኛ ሰፈር የተጻፈ ጥናት አገኘሁ። ልብስ አጣቢ ሴት ይላል” አለችኝ። እየተረጎመች አነበበችልኝ። በሰፈሩ ሰዎች ደም ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል አለች። ዕድሜዬን በእርሳስ የጻፍኩ ሰው ነኝና መጀመሪያ ምን እንደምትል አልገባኝም፤ ባትሪ ውስጥ ያለው መርዝ እንደሆነ አስረዳችኝ። ከሁሉ ከፍተኛው መጠን የተገኘው በአንዲት የ39 ዓመት ልብስ አጣቢ ላይ መሆኑን፣ ይህም ሆድ ቁርጠት፣ ውርጃ፣ የእጅ መዛልና የኩላሊት ድካም እንደሚያመጣ በዝርዝር ተጽፏል። እህቴን አምስት ዓመት ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ያንከራተታት በሽታ ታሪክ በአንድ አንቀጽ፣ እንዲያ ባማረ ሁኔታ ተጠቃሎ ሳይ ችሎታዎን አደነቅሁ። መጨረሻው ላይ “ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል” ይላል።

ሰልማ አንብባ ስትጨርስ ስልኳን ደፍታ አስቀመጠችው። ከዚያ “ሰሚያም ያኔ ደም ሰጥታለች እኮ” አለች። ሰሚያ ታናሽ እህቷ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ አጥር ሥር አፈር ስትጫወት ነው ያደገችው።

እነዚያን አራት ምልልሶች የተመላለስኩት ከዚህ በኋላ ነው። በአራተኛው ቀን አንድ የሕዝብ ግንኙነት ባልደረባዎ በትሕትና ተቀበለኝ። “እማማ፣ እኛ አጥኚ እንጂ ሐኪም አይደለንም” አለኝ። የጋዲሴን ካርድ አሳየሁት። አገላብጦ አየውና የ117ን ውጤት መጠየቅ የሚቻለው ባለካርዷ ራሷ ቀርባ ስትፈርም ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። የሰሚያን ስጠይቀው የልጆች ውጤት ለብቻው በሌላ ጽሑፍ እንደሚታተም፣ እስከዚያው በትዕግሥት እንድንጠብቅ መከረኝ። ሻይ ልዘዝልዎት ወይ ብሎኝ ነበርና ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ ዮፍታሔን “ሌባ” ማለትዎን በተመለከተ።

በመጋቢት ዮፍታሔ ብቻውን ወደ ቤታችን መጣ። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ አንብቦት ኖሮ ጋዲሴን ሊጠይቅ ነበር የመጣው። መሞቷን ስነግረው በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ፤ ግባ ብለው አልገባም። “ጥር ላይ ፊቷ ተቀምጬ እኮ ነበር” አለ። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋገመው። በሳምንቱ ተመልሶ የታጠፈ ወረቀት እጄ ላይ አኖረ። ቁጥርና ውጤት ብቻ እንጂ አንድም ስም የለበትም። እንዲያመጣ አልጠየቅሁትም፤ ቢጠይቀኝ ኖሮ ግን አምጣ እለው ነበር። ሥራውን ያሳጡት ለዚህ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ማዕከልዎ ውስጥ የገባውን ቃል የጠበቀ አንድ ሰው ከተገኘ ማሰናበቱ ለአሠራር ወጥነት እንደሚረዳ እረዳለሁ።

ስለዚህ ወደ ትእዛዝዎ ልመለስ። ዝርዝሩን መመለስ አልችልም፤ የለምና። በጀማለዲን ሱቅ ጀርባ ተቀምጠን በመቀስ ረድፍ በረድፍ ቆራረጥነው። ካርዱን ይዞ የመጣ ሁሉ የራሱን ቁራጭ ብቻ ወሰደ፤ ሰልማም ምን ማለት እንደሆነ ለእያንዳንዱ በጆሮው ነገረችው። የማንም ሚስጥር ለማንም አልወጣም፤ ለባለቤቱ ገባ እንጂ። ስድሳ ሦስት ሰዎች መጡ። የሰሚያን ቁራጭ የተቀበለው አባቷ ነው። ጀማለዲን ብዙ የሚናገር ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን “አሁን ምን ይደረጋል?” ብቻ ብሎ ሱቁን ዘግቶ ልጁን አዝሎ ወጣ። እርሳሱን ከደም የሚያስወጣው መድኃኒት ከተማው ውስጥ የለም ተብሎ ሦስት ሳምንት ፈልጓል። አግኝቷል። በሰኔ በተደረገላት ምርመራ መጠኑ በግማሽ ቀንሷል፤ ፊደል ግን ገና አይያዝላትም፤ ይያዝላት እንደሆነም ሐኪሙ አላረጋገጠልንም።

የባትሪውን ግቢ፣ ተሰብስበን አቤት ካልን በኋላ ወረዳው አሸገው። ባለቤቱም ዕቃውን ጭኖ ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ ከወንዙ በላይ ተዛውሯል። ከወንዙ በታች ሰዎች አሉና ለቀጣዩ ጥናትዎ ተሳታፊ እንደማያጡ ሳበሥርዎ ደስ ይለኛል።

የጋዲሴ ቁራጭ እኔ ዘንድ ነው። ያልተወሰዱት አንድ መቶ አርባ ስምንቱ ፖስታ ውስጥ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ለቤት እየዞርኩ ባለቤቶቻቸውን እፈልጋለሁ። ፖሊስ ለመላክ ከወሰኑ ከቅዳሜ በቀር በማንኛውም ቀን ቤቴ ያገኙኛል። ቅዳሜ ሥራ አለኝ።

ለሰጡኝ የአምስት ቀን ጊዜ፣ ለማኅተሙ ጥራት፣ በጽሑፍዎ መጨረሻ በደቃቅ ፊደል ለሰፈረው “ለተሳታፊዎቹ ምስጋና” ሳይቀር እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከዚያም በላይ በጊዜው የሚደርስ የምርመራ ውጤት እንዲሰጥዎ የዘወትር ምኞቴ ነው።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር
ዳርቱ ጎበና
የመለያ ቁጥር 117 እህት
ወሰን፣ ነሐሴ 2016 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልጨርስ፣ ባለፈው ሐሙስ ሁለት ትሑት ወጣቶችዎ ጃንጥላ ይዘው ለሦስተኛው ዙር ክትትል መጥተው 117ን ጠየቁ። መሞቷን ነገርኳቸው። ቅጻቸው ላይ ግን “አለ”፣ “ፈቃደኛ አይደለም” እና “አካባቢውን ለቋል” ከሚሉት ሌላ ሳጥን ስላልነበረ፣ ተመካክረው ሦስተኛው ላይ ምልክት አደረጉ። ጥናትዎ እንዳይዛባ ብዬ ነው እንጂ ባላስቸገርኩዎ፤ እህቴ አካባቢውን አልለቀቀችም። ከዚህ አሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አለች። ፈቃደኝነቷን የሚያረጋግጥ ፊርማ ግን ዘንድሮ አልሰጠችም።