ኦርቪል ሰላም ብሎሃል

ዴልማር፣
ሰድበሪ ከተማ፣ ኦርቪል ቤት ነኝ። ትናንት በቴሌቪዥን የበረዶ ሆኪ ስናይ፣ አንዱ ተከላካይ ያጎነበሰውን ልጅ ጭንቅላቱን በትከሻው ገጭቶ ዘረረው። «እኛ ከተማ ለታዳጊዎች ከልክለነዋል፤ ለፕሮፌሽናሎቹም ይከልከል!» አልኩ።

«ቀና ብሎ መጫወት ማን ከለከለው?» ብሎ ኦርቪል ጮኸብኝ። «እኛ ስንቴ ተገጭተን ምን ሆንን? አንተ ሂድና ሹራብ ሥራ!»

ልጁ በሰው ተደግፎ ሲወጣ፣ ተጫዋቾቹ እንደ ልማዳቸው ለክብሩ በረዶውን በዱላቸው መቱለት። ኦርቪልም ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። ሚስቱ ማርሊን መብራት ስለሚያመው ጥቁር መነጽሩን አቀበለችውና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች።

ፖስትካርዱ ሞላ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። ኦርቪልም ሰላም ብሎሃል፤ አሥር ዓመት አጠገቡ የተጫወተው ዴልማር ማን እንደሆነ ማርሊን ሁለቴ ካስታወሰችው በኋላ።

ሎርን