የሚካኤል ዕለት የተጫነችው በቅሎ

ለወንድሜ ለአያ አላምረው፤ ከታናሽህ ከየትነበርሽ።

እንደምን ከረምህ አያ? የመካነ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሃል? የእማዬ ጉልበት ተሻለው? ዝናሽስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ግን ያ ወሬህ ቢደርሰኝ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

ለእንግዳ በቅሎ የምታከራዩትን የዘጠኛችሁን ዌብሳይት ልሥራ ብዬ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ኮምፒዩተር የምማርበትን ቤት ታውቀው የለ? አስተማሪው ዳኛው የሚባል፣ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ የሚንጎራደድ ሰው ነው። ገና ስንገባ «ኮድ የሚባል ነገር አያስፈልግም፤ እየጎተቱ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ሕፃን ይሠራዋል» አለን። ወይ ሕፃን! ሕፃኗ እኔ አንድ ፎቶ ስጎትት ሳምንት አለቀ። ፎቶውን ወደ ቀኝ ስስበው ጽሑፉ ይሸሻል፤ ጽሑፉን ስመልሰው ፎቶው ከታች ይወድቃል።

ሶፍትዌሩ ተዘጋጅቶ ያለቀ ገጽ አለው ተባልን። ብከፍተው አንዲት ፈረንጅ ሰላጣ ይዛ ትገለፍጣለች። ሰላጣ ምኑ ያስቃል? እኔ እሷን አጥፍቼ ዳማ በቅሎህን አስገባሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው አቢ የሚሉት የፀዳ ልጅ ግን ሴትዮዋን ሳይነካ ከሥሯ የአጎቱን የብሎኬት ሱቅ ስም ጽፎ ጨረስሁ አለ። ዳኛውም አጨበጨበለት! እንዲህ ያለ አስተማሪና እንዲህ ያለ ተማሪ ተገናኙ።

የኔ ገጽ ሸጋ ሆኖ ነበር። እንግዶች የሚመጡበትን ቀን የሚመርጡበት የቀን መቁጠሪያም አስገባሁ። በቅሎ የማትጭኑባቸውን በዓላት አሥራ ሁለትን ለሚካኤል፣ ሃያ አንድን ለማርያም እያልሁ ዘጋሁ። መቁጠሪያው ለካ የፈረንጅ ነው! የኅዳር ሚካኤል በእነሱ ሃያ ሁለት ላይ ስለሚውል ክፍት ሆኖ ቀረ። ሁለቱ እንግዶችም ያንን ቀን መርጠው መጡባችሁ። ሌላው ሁሉ አልጭንም ሲል አንተ «እኅቴ የሰጠችውን ቃል አላጥፍም» ብለህ ብቻህን ጫንህ። አሁን የበቅሎ ባለቤቶቹ አለቃ አያ ወልደኢየሱስ በዓል ሽሯል ብለው ከበቅሎ ተራ ሊያስወጡህ ነው አሉኝ። ተራህን ካጣህ ቤቱ በምን ያድራል?

ማሽኑ ተሳስቶ ነው ብዬ ልኬልህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ አያ። ዳኛው በመጀመሪያው ሳምንት «መቁጠሪያው የፈረንጅ ስለሆነ ቀኑን ቀይራችሁ አስገቡ» ብሎ ነበር። እኔ በመነጽሩ ስስቅ አልሰማሁትም። ያ ጉረኛ እውነት መናገሩ አሁንም ያንገበግበኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቅሎ ባለቤቶቹ ሲሰበሰቡ ዝናሽ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብላ ታንብበው፤ በሰው የሳቅሁበትን እንዳትዘል። አያ ወልደኢየሱስ፣ እግርዎን ስሜያለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ የሚካኤልን በዓል የሻርሁት እኔ ነኝ ብዬ ተናዝዣለሁ፤ ስግደቱንም ጀምሬያለሁ። ወንድሜ የጫነው የኔን ቃል ነው። ከተራው አታውጡብኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ዝናሽን አንብባ ስትጨርስ አቅፈህ ሳምልኝ፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ። አንተንማ ምን ፊት ይዤ ሰላም ልበልህ? ለታኅሣሥ ገብርኤል እመጣለሁ፤ ደጁን ክፈትልኝ።

ጎንደር፣ ፒያሳ
ኅዳር 19 ቀን 2012 ዓ.ም.