ሰማያዊ ስላልሆነው ቲማቲሜ

ለተከበሩ የሰብል ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። እኔ፣ ከወንዙ ማዶ ቲማቲም የማለማው ገበሬዎ፣ ከነቲማቲሜ እጅግ ደህና ነኝ፤ ችግራችንም ይኸው ደህንነታችን ነው።

አንደኛ፣ ቅጠሉን ሰማያዊ እስኪያደርግ የምንረጨው መዳብ አፈር ውስጥ እየተጠራቀመ የመሬት ትሉን እንደሚጨርስ፣ ሎሚን የሚያኮመጥጠውን ዓይነት ኦርጋኒክ አሲድ ብንቀላቅልበት ግን ጥቂት መዳብ ብቻ የቅጠል ነጠብጣብ በሽታን እንደሚገታ ባለሙያዎ በአዳራሽዎ ስላስተማሩን ከልብ አመሰግናለሁ። ጥፋቴ የተማርኩትን መሥራቴ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ሠልጣኞች ሻዬን ጠጥቼ ብመለስ ኖሮ ዛሬ ክቡርነትዎን ባላስቸገርኩ ነበር።

ሁለተኛ፣ የላኩልኝ ተቆጣጣሪ እጅግ ትጉህ ሰው ናቸው። ቅጠሉን እያገላበጡ ቢፈልጉ አንድም ነጠብጣብ አላገኙም፤ ሆኖም መዳቡን ስለቀነስኩ ቅጠሉ እንደ ድሮው ሰማያዊ ስላልሆነ «አልተረጨም» ብለው የሽያጭ ፈቃድ ከለከሉኝ። ያስተማሩንን ባለሙያ ብጠቅስላቸው፣ ሰውየውን እንደማያውቋቸው ነገሩኝ፤ ቢሯቸው ጎን ለጎን መሆኑን ለማስታወስ ይሉኝታ ያዘኝ።

ሦስተኛ፣ የሰማያዊው ዘመን ውበት እንደነበረው አልክድም። አጥራችን ሰማያዊ፣ ውሻችን ሰማያዊ፣ የባለቤቴም ሻሽ ሰማያዊ ነበር፤ አፈሩን ስንቆፍር ግን ትል የሚባል አናይም ነበር። አሁን ትሉ ተመልሷል። በዚህ ዕድሜዬ ትል አይቼ ፈገግ እላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ግን ደስ ብሎኛል። ለልጆቼ የማወርሰው መሬት ይህ ብቻ ነውና ወደ ድሮው አረጫጨት አልመለስም። ቲማቲሙ ደግሞ የእኛን ክርክር አይጠብቅም፤ ቀልቶ መለስለስ ጀምሯል፤ ለመጪው ገበያ ካልደረሰ የዓመት ልፋታችን ውሃ በላው ማለት ነው።

ስለዚህ ተቆጣጣሪዎ ከቀለሙ ይልቅ በሽታውን እንዲፈልጉ ቢያዙልኝ፣ ወይም ቢያንስ ሁለቱን ቢሮዎች ቢያስተዋውቁልኝ ውለታዎን አልረሳም።

በትምህርትዎ የታነጽኩ፣ በተቆጣጣሪዎ የታገድኩ፣ በሁለቱም ፊት እጅ የምነሳ፣
የወንዝ ማዶው ቲማቲም አልሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ተቆጣጣሪው ከአጥሬ ወዲያ ያለውን የአማቴን ማሳ አይተው «እንዲህ ነው እንጂ መርጨት!» በማለት ፈቃዱን እዚያው ቆመው ፈረሙላቸው። አማቴ የረጩት ነጭ አንሶላ የሚያጥቡበትን ሰማያዊ ቀለም በውሃ በጥብጠው ነው፤ በሽታውም ከቀለሙ ሥር በሰላም ይኖራል። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ አማቴ ራሳቸው ሲሆኑ፣ የተፈቀደውን ቲማቲም ለመብላት ስላልደፈሩ ለምሳቸው የተከለከለውን ከእኔ ማሳ ለቅመው ሄደዋል።