እስኪያልቅ ለማንም እንዳታወሪ

ውድ ቀጮ፣

ውድ ያልኩሽ ደብዳቤ ስለሆነ ነው፤ ሌላ እንዳይመስልሽ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ከስድብ በቀር ምንም አልወጣኝ አለ። ዛሬ ትንሽ በረድ ብሎልኛል። ትንሽ ነው እንጂ ብዙ አይደለም።

አራት ዓመት አብረን ኖርን። አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ላቦራቶሪው ውስጥ አንቺ አፈሩን ስትመዝኚ እኔ ቁጥሩን ስመዘግብ፣ አራት ዓመት ሙሉ። ማድረቂያው ውስጥ የረሳሁት ናሙና አርሮ ሲገኝ "እኔ ነኝ የረሳሁት" ብለሽ የፕሮፌሰሩን ስድብ የጠጣሽልኝ አንቺ ነሽ። አልረሳሁም። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው፤ ክፉ ሰው ብትሆኚ ኖሮ ምን ይገርመኝ ነበር?

"ዶክትሬቱን ልተወው ነው" ብዬ መጀመሪያ የተናገርኩት ላንቺ ነው፤ እናቴ እንኳ ያኔ ገና አልሰማችም ነበር። ፕሮፌሰሩ የሁለት ዓመት ሥራዬን ለሦስተኛ ጊዜ "እንደገና ጀምሪው" ያለኝ ቀን ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን እንባዬን እየጠረግሽ ምን አልሽኝ? "አይዞሽ የኔ እናት፣ እግዜር ያውቃል።" አዎ፣ እግዜርማ ያውቃል። አንቺም እኮ ታውቂ ነበር!

አንቺ ራስሽ ከዶክትሬቱ ለመውጣት ፕሮሰስ ከጀመርሽ ያኔ አምስት ወር ሆኖሽ ነበር። የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ያሉት ሽማግሌ አስቀምጠው አስረድተውሻል። ዶክትሬቱን የሚተው ሰው የማቋረጫውን ቅጽ ከመፈረሙ በፊት፣ እስካሁን በተማረው ማስተርሱን እንዲሰጡት ይጠይቃል፤ ማስተርሱን ይዞ ለአንድ ዓመት የሥራ ፈቃድ ያመለክታል፤ ከዚያ በኋላ ይወጣል። ቀድሞ ከፈረመ ግን አለቀለት፤ በስልሳ ቀን ውስጥ አገር ልቀቅ ይባላል። ይህን ሁሉ በሆድሽ ይዘሽ ታዪኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት እፊትሽ ተቀምጬ ያንን ቅጽ ስሞላ የእስክሪብቶዬ ቀለም አለቀ። የራስሽን አቀበልሽኝ። እንዴት እጅሽ እሺ አለሽ?

ከፈረምኩ በሦስተኛው ሳምንት የሥራ ፈቃድሽ መጣ፤ ኬክ ገዝተሽ ገባሽ። እልል ብዬ አቀፍኩሽ፣ እኔ ጅሏ! እንዴት እንዳገኘሽው የነገርሽኝ ከዚያ በኋላ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እማዬ ናታ፣ እስኪያልቅ ለማንም እንዳታወሪ ብላኝ። ዓይን ይገባበታል አለችኝ።"

"የኔ ዓይን?"

ኬኩን መቁረጥ ጀመርሽ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሻል ይሄ ነው። በሳምንቱ ሥራ ወዳገኘሽበት ከተማ ሄድሽ፤ እኔም ሳልሸኝሽ ቀረሁ።

ሽማግሌው ጋ ሮጬ ሄጄ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ፣ ሳትፈርሚ ብትመጪ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር" አሉኝ። የቀረኝ ሌላ ትምህርት ቤት ገብቼ እንደገና ተማሪ መሆን፣ ወይ ፈቃድ የሚያወጣልኝ ቀጣሪ ማግኘት፣ ያም ካልሆነ ሻንጣዬን ማንሳት ነው። ቀጣሪዎቹ "ፈቃድ አለሽ?" ይላሉ፤ የለኝም ስል ስልኩ ይዘጋል። አንዱማ "መጀመሪያ ፈቃዱን አግኝተሽ ነይ" አለኝ። ፈቃዱን የሚያወጣልኝ እሱ መሆኑን ማን ይንገረው!

ስትደውዪ የማላነሳው በንዴት ቅጥል ብዬ ስለሰነበትኩ ነው። ንዴቴ ደግሞ ባንቺ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን ልንገርሽ። ወደዚህ ስመጣ ለገዛ እህቴ የነገርኳት ቲኬቱን ከቆረጥኩ በኋላ ነው። እሷም በዚያው ዓመት ማመልከት ትፈልግ ነበር። "ለምን ደበቅሽኝ?" ስትለኝ "ያው ታውቂያለሽ፣ እስኪያልቅ ብዬ ነው" አልኳት። ፊቷ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም፤ የኔም ፊት የኬኩ ቀን እንደሷ ሳይሆን አልቀረም።

ዛሬ ጠዋት አንድ ትንሽ ኮሌጅ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ከተቀበሉኝ የተማሪ ፈቃዴ ይቀጥላል፤ ካልተቀበሉኝ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና "በይ እስኪያልቅ ለማንም እንዳታወሪ" አለችኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወረቀት ፈለግኩ።

ይኸው አወራሁልሽ፤ ቀኑንም ሰዓቱንም። ሽማግሌው ያሉኝን ሁሉ ደግሞ በትልቁ ጽፌ፣ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ላቦራቶሪው ውስጥ ከሚዛንሽ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌላቸዋለሁ፦ "ማቋረጫውን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ።" የጻፍኩትም በዚያችው እስክሪብቶሽ ነው፤ መልሺ እንዳትዪኝ።

ገና ይቅር አላልኩሽም፤ አታስቸኩዪኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ግን ደውዪ፣ አነሳለሁ። ሳይሳካልኝ ቢቀርም አንድ ነገር እወቂ፤ አንቺ ስለሰማሽ አይደለም።

ያቺው እፊትሽ የፈረመችው